ያለ ሰርግ የተሞቀ እንሶስላ

«ሰው እንዲህ እየረገፈ እናትሽ እንሶስላ ሞቀች አሉ! ማን ሊያገባት ነው ባክሽ?»

የክፍሏ ልጅ ተሻለች ይህን ያለችው ሰልፍ ላይ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ እየሰማ ነው። የዚያች ልጅ ምላስ መቼም አርፎ አያውቅም። ኑርሀያት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ይባስ ብሎ ወሬው እውነት ነው፤ እናቷ መሪማ ሁለት እጇን በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ ስትተኛ በዓይኗ አይታለች።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ከሐይቅ ከተማ ዳር ያለው መጠለያ ከየገጠሩ በመጣ ረሃብተኛ ተጨናንቋል፤ በዚያ ላይ ተቅማጥ ገብቶበታል። መሪማ በመጠለያው በሽተኞችን የምትረዳ ድሬሰር ናት። ኑርሀያት ከትምህርት ቤት እንደወጣች ንዴቷን ይዛ በቀጥታ ወደ ሕክምናው ድንኳን ሄደች።

«እማዬ፣ አታፍሪም? በዚህ ጊዜ እንሶስላ?»

መሪማ እጇን ቶሎ ብላ ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ኑርሀያት ግን አልተወቻትም፤ አንዱን ይዛ ሳበችው። እናቷ ጮኸች።

«ያ ረቢ!»

ጣቶቿ መሀል ቆዳው ተሰነጣጥቋል። ከቀይ ቀለሙ ሥር ደም ያዣል። የተላጠ ቆዳ የኑርሀያት መዳፍ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ልጅቱ ደነገጠች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«በረኪናው ነዋ! አንድ በሽተኛ በነካሁ ቁጥር በሱ እታጠባለሁ፣ በላዩ ደግሞ አልኮል። እንሶስላ ቆዳ ያጠነክራል ብዬ ነው። ደግሞም ይሸፍንልኛል።»

«ከማን?»

«ከጋሽ ሙላት። ካየ፣ ቁስል ይዘሽ በሽተኛ አትንኪ ብሎ ቤት ይሰደኛል። አብራኝ የምትሠራው ባንቺአየሁ ታማ ተኝታለች፤ እኔም ከቀረሁ እነዚህን ማን ያጠጣቸዋል? ወላሂ አልናገርም በይ!»

ከምንጣፉ ላይ አንዲት ሕፃን አለቀሰች። መሪማ ከንፈሯን ነክሳ እጇን በረኪናው ውስጥ ነከረች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ኑርሀያት ማየት አቃታት። በሽታው በዚያ ቁስል ቢገባባትስ? ደግሞ ብትናገር፣ ያቺ ሕፃን ውኃ የሚሰጣት ብታጣስ?

ወላሂ ሳትል ወጣች።

ዋናው ነርስ ጋሽ ሙላት ከሚቀጥለው ድንኳን ደጃፍ ቆሞ የግሉኮስ ካርቶን ይከፍታል።

«ኑርሀያት!» አለች እናቷ ከኋላ። «ነይ ብያለሁ!»

ልጅቱ ዞር አላለችም። ሄዳ ጋሽ ሙላት ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ለበሽተኞቹ የሚጠጣውን ስኳርና ጨው መበጥበጥ ያሳዩኝ፤ ከነገ ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ እመጣለሁ» አለች። ከዚያ ድምጿን ከፍ አደረገች፤ እናቷም ትስማ። «አሁን ግን መጀመሪያ የእናቴን እጅ ይዩልኝ።»