ጋቢ የለበሱ ዓሦች

«ኢልሀም፣ ምን ሆኑ? ተናገሪ እንጂ!» የወይንእሸት ድምፅ ከቢቸና በስልክ ይጮኻል።

ኢልሀም ወደ ዓሦቹ ጎንበስ አለች። ዓሦቹ የአኳሪየሙ ውሃ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ቀጫጭን ጢም ያላቸው ትንንሽ የጅረት ዓሦች ናቸው፤ ወትሮ ከታች፣ ከድንጋዩ ሥር አይጠፉም። ወይንእሸት ለአክስቷ ልጅ ሠርግ ስትሄድ «ካንቺ ሌላ ማንንም አላምንም» ብላ ነው እዚህ ሞጣ፣ ኢልሀም ቤት በአደራ ያስቀመጠቻቸው።

«መብራት ጠፋ» አለች ኢልሀም። ሰው ሲደነግጥ ምላሱ ይቀድመዋል። ለነገሩ ሞጣ ውስጥ ከዚህ የሚቀል ሰበብ የለም። አየር የምትነፋዋ ፓምፕ ግን አጠገቧ እያንጎራጎረች ነበር።

«እሱማ ምንም አይደል! አትንኪያቸው፣ እስኪመጣ ጠብቂ።»

ውሸቷ ታመነላት። ይኼ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት፤ ከጠበቀች ያልቃሉ። አንዱ ከወዲሁ በጎኑ ተንጋሏል።

«ወይኒ፣ ዋሸሁሽ። መብራት አለ።» እንባዋ መጣ። «ጠዋት ድንጋዩ ሥር ድርቅ ብለው ሳያቸው ብርድ የመታቸው መሰለኝ። መስኮቱን ዘግቼ አንድ ፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ጨመርኩላቸው። ከዚያ አኳሪየሙን በእማዬ ጋቢ ጠቀለልኩት።»



«በጋቢ? አራስ መሰሉሽ እንዴ! የቀዝቃዛ ጅረት ዓሦች እኮ ናቸው! በይ ቶሎ፣ ሙቁን እየቀዳሽ አውጪና ጥላ ውስጥ ካለው ጀሪካን በኩባያ በኩባያ ተኪ። ባንዴ እንዳታፈሺው!»

«ተቆጥተሻል?»

«በጣም! አሁን ቅጂ!»

ኢልሀም ጋቢውን ገፍፋ ቀዳች፣ ጨመረች፣ እንደገና ቀዳች። በመጨረሻ አንዱ ወረደ። ሌሎቹም ተከተሉት። በጎኑ የተንጋለለው ግን ዘገየ፤ ከዚያ ጭራውን ወዝወዝ አድርጎ ተቃናና ድንጋዩ ሥር ገባ።

«አልሐምዱሊላህ! ሁሉም ወረዱ!» ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«እፎይ! ገደልሽኝ እኮ አንቺ ልጅ።»

«ሌላ ሰው ይጠብቃቸው ካልሽ...»

«ማን? ሲሞቱ መብራት ጠፋ የሚለኝ? እስክመጣ አንቺው ጋ ይቆዩ።»

ኢልሀም እያለቀሰች ሳቀች። ተነስታ መስኮቱን ብርግድ አድርጋ ከፈተችው። ቀዝቃዛው ነፋስ ገባ።

«ኧረ ዝጊው፣ ብርድ ይመታሻል!» አለች እናቷ ከጓዳ።

«እነሱ ብርዱን ይፈልጉታል፣ እማዬ» አለችና ጋቢውን ራሷ ደርባ አጠገባቸው ተቀመጠች።