ከገደሉ ሥር ያለው ሲካዳ

«ልቀቀው! ሰውዬ፣ ትሪፖዱን ልቀቀው አልኩህ!»

ፎቶ አንሺው አልለቀቀም። ውሃው እስከ ወገቡ ደርሶ ያንገላታዋል። በአንድ እጁ የካሜራውን ቦርሳ ከራሱ በላይ አንስቶ፣ በሌላው የካሜራ ማቆሚያውን፣ የትሪፖዱን፣ እግር ጨብጦ ከወንዙ ጋር ይጓተታል። ቀድማ የተሻገረችው ሚስቱ የቀሚሷን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጉጣ ረዥም እንጨት ዘረጋችለት። እግሩ ድንጋይ ስቶ ሲንሸራተት ምርጫ አልነበረውም፤ ትሪፖዱን ለቆ እንጨቱን ያዘ። ትሪፖዱ አንዴ ብቅ አለና በዚያው ጠፋ።

አሸዋው ላይ ተዘረረ። «አበቃልኝ» አለ።

«ምኑ ነው ያበቃልህ? ነፍስህ አለች አይደል?» አለች፣ ካሜራው አለመራሱን እያየች። ቦርሳው ውስጥ፣ ከሌንሱ ሥር፣ ያ የተረገመ ካርቶን ተነጥፏል። «ይሄን ደግሞ ለምን ይዘኸው መጣህ?»

«ሌንሱ እንዳይጫጫር።»

ካርቶኑ ላይ በትልልቁ «ይከራያል» ተብሎ ተጽፏል። ፎቶ አንሺው ዕድሜውን ሙሉ ሙሽራና ሕፃን ሲያነሳ ኖሮ፣ ከታመመ ወዲህ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰርግ ብዥ አድርጎ አነሳ፤ ወሬው ተዛመተ፣ ደንበኛ ሸሸው። ካርቶኑን ሱቁ መስኮት ላይ ሊለጥፍ ሲል ሚስቱ ነጠቀችው። ልብስ ሰፊ ናት፤ የተበላሸ ነገር ሳይሞከር ሲጣል አትወድም። በልጅነቱ አጎቱ ከዚህ ገደል ሥር ሲካዳ ያሳየው ነበር፤ በጋ ሲገባ ዛፍ ላይ ተለጥፎ ጆሮ እስኪያደነቁር የሚጮኸውን፣ ክንፉ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፈውን ነፍሳት። የመጀመሪያ ካሜራውን የገዛው ሲካዳውን በቅርብ ሊያነሳ ነበር፤ ሰርጉ ሲበዛ ተረሳ። እንግዲህ ተስማሙ፦ አንድ ሲካዳ ጥርት አድርጎ ካነሳ ሱቁ ይቀጥላል፤ ካልሆነ ካርቶኑ ይለጠፋል።

ከወንዙ በኋላ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ጀመር። ድንጋዩ እጅ አያስነካም። ቁልቁለቱን በቂጣቸው እየተንሸራተቱ፣ ቁጥቋጦ እየጨበጡ ወረዱ። ከጠባቡ መተላለፊያ ሲደርሱ አንድ ግዙፍ ዝንጀሮ መሀል መንገድ ላይ ተቀምጧል። መንጋው ከኋላው ነው። ጥርሱን አሳያቸው።

«ዓይኑን እንዳታዪው» አለ ባል፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

«እኔ ምን ላድርገው፣ እሱ ነው የሚያየኝ!» አለችና ለፀሐይ የያዘችውን ጃንጥላ ፊቱ ላይ ፏ አድርጋ ከፈተችው። ዝንጀሮው እናቱን እንደጠራ ሁሉ ጮኾ ገደሉን ወጣ፤ መንጋውም ተከተለው። ባልና ሚስት እዚያው ተቀምጠው እስኪያማቸው ሳቁ።

ዛፎቹ ጋ ሲደርሱ ጩኸቱ ተቀበላቸው። ግንዱ ሁሉ ሲካዳ ነው። ፎቶ አንሺው የልጅነቱን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ በራ። ካሜራውን ደቅኖ ተጠጋ፤ እሱ ሲጠጋ ግን አንዱ በረረ፣ ሌላውም በረረ። ሚስቱ ስትጨነቅ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የክር መቁረጫ መቀስ ቀጭ ቀጭ የማድረግ ልማድ አላት።

«ኧረ ያንን መቀስ ተይ! አባረርሽብኝ እኮ!»

አኮረፈችና ተወች። ሲካዳዎቹ ግን አሁንም ይሸሹት ነበር። በስንት ልመና አንዱ ፊት ለፊቱ ረግቶ ቆመ። እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ የካሜራውን ቁልፍ ሊጫን ሲል አንዲት ወፍ ከላይ ተወርውራ ሲካዳውን ለቀም አድርጋ ሄደች። ቅርንጫፍ ላይ ሆና በላችው፤ ከዚያም የሚቀጥለውን ፈልግልኝ የምትል ይመስል ቁልቁል አየችው።

ካሜራውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «በቃኝ። ስንመለስ ካርቶኑን ለጥፊው።»

ሚስቱን ከፋት፤ ሳታስበው መቀሷን ያዘች። ቀጭ። ቀጭ።

ከላይ ሲጮህ የነበረ አንድ ሲካዳ ዝም አለ። ጮኸ፤ ዝም አለ። መቀሱ ቀጭ ሲል ዝቅ ወዳለ ቅርንጫፍ በረረ። እንደገና ቀጭ፤ ከራሷ አጠገብ ግንዱ ላይ አረፈ።

ያኔ አጎቱ ያለው ትዝ አለው፤ የሚጮኸው ወንዱ ነው፣ ሴቷ ከወደደችው በክንፏ ቀጭ ብላ ትመልስለታለች።

«አንቺ» አለ በሹክሹክታ፣ «ለካ ስትጠሪያቸው ነበር። የማባርራቸው እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

«ይቅርታውን ኋላ! አሁን ና፣ ትከሻዬ ላይ አስደግፈው።»

ካሜራውን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ስታስገባ እንደምትሆነው ትንፋሿን ያዘች። በግራ እጇ ጃንጥላውን ከላያቸው ዘርግታለች፣ በቀኟ መቀሱን ቀጭ ታደርጋለች። ወፏ ዳግም ተወርውራ ጃንጥላው ላይ ተላተመች። ሚስት ንቅንቅ አላለችም። ሲካዳው ሆዱን አርገብግቦ ጮኸ፤ ጩኸቱ በትከሻዋ አልፎ እጁ ድረስ ተሰማው፤ ቁልፉን ተጫነ።

ምስሉን አጉልቶ አየው። የክንፉ ደም ሥሮች፣ የዓይኑ ጉብታ፣ ግንባሩ ላይ ያለው ጠጉር ሳይቀር ቁልጭ ብሏል። አለቀሰ፤ ማልቀሱንም አልደበቀም።

«ጥግ ላይ መቀሴ ገብቷል፤ ቁረጠው» አለች።

«መቀሱን ከምቆርጥ እጄን ብቆርጥ ይሻለኛል።»

ፎቶው ዛሬ ሱቁ መስኮት ላይ፣ መቀሱም ጥጉ ላይ እንዳለ፣ ጠንካራ ካርቶን ላይ ተለጥፎ ይታያል። ሰርግ ሲጠራም ሚስቱን ይዞ ይሄዳል፤ ሙሽሮቹ ፊት ትቆምና ትከሻዋን ታውሰዋለች። የካርቶኑን ጀርባ ማንም ገልብጦ አያይም፤ «ይከራያል» የሚለው ጽሑፍ ግን አሁንም እዚያው አለ።