ቁልፉን የነቀለው እጅ

የመንዳት ትምህርት ቤቱ ባለቤት ከነመኪናቸው ዛፍ ላይ ተለጥፈው በተገኙ ማግስት፣ ፋይል መዝጋት እንደ በር መዝጋት የሚቀለው አለቃ መርማሪዋን አስጠራት።

«ነዳጅ መስጫው ተነክሶ፣ እንደተረገጠ ቀርቶባቸው ነው የሞቱት። መኪናውን የሠራው መካኒክ ታስሯል፤ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አንቺ ጨርሺው።»

መርማሪዋ ግን ሟቹን ታውቃቸዋለች። የከተማው ግማሽ ሕዝብ መንዳት የተማረው ከእሳቸው ነው፤ እሷም ጭምር። «ረጋ በሉ» ማለት ስለሚያበዙ «ጋሽ ረጋ» የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር። እኚህ ሰው ነዳጅ መስጫ ስለተነከሰ ብቻ ሞቱ መባሉ አልዋጥልሽ አላት።

አሮጌዋ የቤት መኪናቸው ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆማለች። የሾፌሩ ጎን ጭምድድ ብሏል፤ የቀኙ ግን ብዙም አልተነካም። መርማሪዋ አጎንብሳ አየች። አሮጌው ምንጣፍ ላይ አዲስ ወፍራም ምንጣፍ ተደርቧል፤ ጠርዙ ተጣጥፎ ነዳጅ መስጫውን ተጭኖታል። ምንጣፉን ስታነሳለት ፔዳሉ ያለችግር ተመለሰ። የመካኒኩ ሥራ እንከን አልነበረውም። ማርሹ ዜሮ ላይ ነው። መሪውን ልታዞረው ሞከረች፤ ንቅንቅ አልል አላት።

«ቁልፉስ?» አለች።

«በግጭቱ ተፈናጥሮ ጠፍቶ ይሆናላ» አለ የጣቢያው ጥበቃ።

መካኒኩን እስር ክፍል አገኘችው። ፊቱ በአንድ ሌሊት ከስሏል።

«አዲሱን ምንጣፍ በአሮጌው ላይ አይደርቡ ብያቸው ነበር፤ ሳቁብኝ። እህቴ፣ እኔ ሰው አልገደልኩም!»

«ነዳጅ መስጫ ቢነከስብህ አንተ ምን ታደርጋለህ?»

ዓይኑን ጨፈነ። «ረጋ በል። ማርሹን ዜሮ አድርግ። ፍሬኑን አጥብቀህ ያዝ፤ ጥግ ያዝ። መኪናው ሳይቆም ግን ቁልፉን እንዳትነቅል፤ መሪው ይቆለፍብሃል።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ትምህርት ቤቱን ከሳቸው ጋር ያስተዳድር ነበር። «ያ መካኒክ ወንድሜን በላው!» እያለ ጠረጴዛ ደበደበ። ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቀው ግን ድምፁ ረገበ፤ ያንኑ መልስ፣ በዚያው ቅላጼ፣ «ረጋ በል» ብሎ ጀመረላት። ሰውየው ሞተውም በየሰው አፍ ውስጥ ይናገራሉ።

የሟቹ ሚስት ቤት ስትደርስ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበር። ሴትየዋ ጥቁር ለብሰው፣ መስኮቱን ሁሉ ዘግተው ተቀምጠዋል። ውሃ የቀዱላት በግራ እጃቸው ነው፤ ቀኙን ወደ ደረታቸው ሰብስበውታል።

«ያን ቀን የት ነበሩ፣ እትዬ?»

«እዚሁ ነበርኩ፣ ተኝቼ።» ድንገት ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ይሰማሻል? ከትናንት ጀምሮ አንድ መኪና ይመጣብኛል። ይጮኻል እንጂ አይሄድም።»

ለመርማሪዋ ምንም አልተሰማትም።

«ነዳጅ መስጫ ቢነከስ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አውቄ፣ ልጄ? እኔን መንዳት አላስተማረኝም። ሞተሩን አጠፋዋለኋ!» አሉና ከንፈራቸው ነጣ።

በነጋታው፣ ፍርድ ቤቱ ሳይከፈት፣ መርማሪዋ ሦስቱንም ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። መካኒኩ ካቴና እንዳጠለቀ ነው።

«ጋሽ ረጋ ያስተማሩትን ሁሉ አድርገዋል» አለች። «ማርሹን ዜሮ አድርገው ጥግ ሊይዙ ነበር። ማርሽ ዜሮ ሆኖ ነዳጅ መስጫ ሲነከስ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናውን አይገፋውም። የገደላቸው ፔዳሉ አይደለም፤ መሪው ነው። መሪው የተቆለፈው ደግሞ ቁልፉ ስለተነቀለ ነው። ቁልፍ ዞሮ ካልሆነ አይወጣም፤ በግጭት አይፈናጠርም። እሳቸው አይነቅሉትም። ስለዚህ ጎናቸው ሰው ነበር።»

«ማን?» አለ ወንድምየው።

«እዚህ ካለነው ሁሉ ቁልፍ እንደማይነካ ያልተማረ አንድ ሰው ብቻ ነው። የቀኝ ወንበር ቀበቶ ቀኝ ትከሻን ይጎዳል፤ እትዬ ውሃ የቀዱልኝ በግራ እጃቸው ነው። የሚጮኽና የማይሄድ መኪናም ውስጡ የነበረ ሰው ካልሆነ ማን ይሰማዋል?»

ሴትየዋ ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እንዳትነኪው ብሎኝ ነበር። ዜሮ ሲያደርገው ጩኸቱ ባሰ፤ ልንሞት ነው ብዬ ነቀልኩት። ከዚያ በእግሬ ቤት ገባሁ። ገደልኩት ብዬ እንዴት አፌን ልክፈት?» ወደ መካኒኩ ዞሩ። «አንተን ግን አሳስሬ ዝም አልኩ። ይቅር አትበለኝ።»

መካኒኩ ካቴናው ሲፈታለት እንኳ ዓይኑን ከእሳቸው አልነቀለም። «ጋሽ ረጋ ያን ሁሉ ሰው ሲያስተምሩ፣ እርስዎን ለምን አላስተማሩዎትም?»

«ስንቴ ለመንኩት! ‹እኔ እያለሁልሽ መንዳት ምን ያደርግልሻል?› ይለኝ ነበር።»

ከግቢው አንድ ለማጅ ሞተር አስነስቶ ነዳጅ መስጫውን ረገጠው። ሴትየዋ ጆሯቸውን ለመድፈን ሁለት እጃቸውን ሊያነሱ ሞከሩ። ቀኝ እጃቸው ግን አልነሳ አላቸው።