የሾኪ ሁለተኛ ዓይን

የ1946 ክረምት ለለተክርስቶስ ረጅም ነበር። አባቷ አለቃ ገብረአብ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሊሥሉ መንዝ ከሄዱ ወዲህ፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በላይ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ውስጥ ብቻዋን ፍሬም ትሠራለች፣ መስታወት ትቆርጣለች። ዕድሜዋ ሃያ ስምንት ሞልቷል። ድሮ «ልጅቱን ለማን ሊድሯት ነው?» እያሉ አባቷን የሚያስቸግሩ ጎረቤቶች እንኳ መጠየቁን ትተውታል። አንዳንድ ቀን ከዝናቡና ከመዶሻዋ በቀር ድምፅ ሳትሰማ ይመሻል።

ፀሐዬ የመጣው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ከኮሪያ ዘመቻ የተመለሰ ወታደር፣ አሁን ፖስታ ቤት ቴምብር ሻጭ። ግራ ጉንጩን እሳት በልቶታል። ከካፖርቱ ሥር የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ፣ ሁለት ሥዕል ባንኮኒው ላይ ዘረጋ።

በአንደኛው ላይ ክራንቻው የወጣ ፍጡር ሰይፍና ገመድ ይዞ በነበልባል መካከል ቆሟል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ወደ ኋላ ሸሸት ብላ፣ «እኛ ሰይጣን ፍሬም ውስጥ አናስገባም።»

«ሰይጣን አይደለም። ሰይጣንን የሚያስር ነው፤ ገመዱን አያዩም? ፉዶ ይሉታል፤ የቡድሃ ሃይማኖት ጠባቂ ነው።»

«ታዲያ ምን አስቆጣው?»

«ለሚወዳቸው ሰዎች ነው አሉ የሚቆጣው።»

«እንግዲያው አባቴን ነው የሚመስለው።»

ሳቀ። ሲስቅ እጁ ሳይታወቀው ወደ ግራ ጉንጩ ሄደ።

ፍሬሙ በሳምንት የሚያልቅ ሥራ ነበር። እሷ ግን እንጨቱ ገና አልደረቀም አለች፤ እሱም አመነ፣ ወይም ያመነ መሰለ። ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ ጎራ ይል ጀመር። በሦስተኛው ቀን «እርስዎ» መባባሉ ቀረ። የሚቀመጠው ግን ሁልጊዜ ደኅናውን ጉንጩን ወደ እሷ አድርጎ ነው። የተቃጠለውን ጎኑን የሚያየው ግድግዳው ብቻ ነበር።

«ይሄኛውስ?» አለችው አንድ ቀን፣ ሁለተኛውን ሥዕል እያሳየች። ጺማም ጀግና ነው። ወደ ጎን ስለዞረ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

«ሾኪ። ቶኪዮ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ፣ ወለል የሚጠርግ ሽማግሌ ነው ሁለቱንም የሰጠኝ። እንጨት ላይ ይቀርጹና ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ ያትሙታል። ይሄ ሰው ድሮ የሹመት ፈተናውን አንደኛ ሆኖ አለፈ። ንጉሡ ግን ፊቱ ያስጠላል ብሎ ሹመቱን ከለከለው። ሾኪም በቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ ራሱን ገደለ። ከዚያ ወዲህ መንፈሱ ከዚያው ንጉሥ አገር አጋንንት ሲያባርር ይኖራል ይላሉ።»

«ለከለከሉት ሰዎች?»

«ለከለከሉት ሰዎች።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር።

«አባትሽ ሽማግሌ ብልክባቸው ያባርሩብኝ ይሆን?» አለ ፀሐዬ፣ ፊቱን ከሥዕሉ ሳያነሣ።

ለተክርስቶስ የያዘችው ምስማር ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብላ ፈለገችው፤ ካገኘችውም በኋላ ወዲያው ቀና አላለችም።

«በዕድሜ የገፉ ይሁኑ» አለች ከባንኮኒው ሥር። «አባቴ ወጣት ሽማግሌ አይወዱም።»

እሱ ከሄደ በኋላ ግን ሾኪን ስታየው ፍርሃት ያዛት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አባቷ ያስተማሯት ሕግ አለ፤ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይሁዳም ዲያብሎስም በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ወደ ጎን እንደዞሩ ናቸው። አባቷ ሲመለሱ «የኃጥእ ሥዕል አቅፎ ለሚዞር ሰው ነው ልጄን የምሰጠው?» ሲሉ ታያት። ቀጭኑን ብሩሽ አነሣች። ከሾኪ አፍንጫ ማዶ አንዲት ትንሽ ዓይን ጨመረችለት። በሥራዋም ደስ አላት።

በማግሥቱ ፀሐዬ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄ ሌላ ሰው ነው» አለ።

«አባቴ እንዳይከፉብህ ብዬ ነው። እኛ በአንድ ዓይን የምንሥለው እኮ ክፉውን ነው።»

ያን ጊዜ ሙሉ ፊቱን አዞረላት። አዙሮላት አያውቅም ነበር።

«እኔንስ?» አለ በዝግታ። «አባትሽ ፊት ስታቀርቢኝ ምን ልትቀቢኝ ነው?»

ፉዶን ጠቅልሎ ወጣ። ሾኪን ትቶት ሄደ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ፖስታ ቤት በሚዘጋበት ሰዓት መዶሻዋን እያስቀመጠች የእግር ኮቴ አዳመጠች። ኮቴዎቹ ሁሉ ወደ ድልድዩ አለፉ።

አለቃ ገብረአብ ተመለሱ። መነጽራቸውን አድርገው ሾኪን ወደ ብርሃን አቀረቡት።

«ይህች ዓይን ያንቺ እጅ ናት።»

«አዎ አባባ። በአንድ ዓይን ሆኖ እንዳያዩት ብዬ ነው።»

አለቃ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ሕጉ የኛ ነው። ይህን የቀረጸው ሰው የኛን ሕግ ከየት ተምሮ? እጁ የተባረከ ነው። እንደ ነበረ ቢሆን ፍሬሙን እኔው ራሴ እሠራለት ነበር።» ቀና ብለው አዩዋት። «ባለቤቱ ማነው?»

«የሄደ ሰው ነው» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ፖስታ ቤት ሄዳ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ፀሐዬ ከመስኮቱ ጀርባ ነበር።

«ዓይኑን ልፍቀው ሞከርኩ» አለችው። «ወረቀቱ ተቀደደ።»

ፀሐዬ ማኅተሙን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። «ጎሬ ቀይረውኛል። ነገ ነው የምሄደው።»

«ጠይቀህ ነው?»

«ጠይቄ።»

ከኋላዋ የቆመ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኅቴ፣ መስኮቱን ለቅሶ ቤት አደረግሽው እኮ። እኛም ዘመድ አለን፣ እንጽፍለት።»

ለተክርስቶስ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «ጎሬ ደብዳቤ በስንት ቀን ይደርሳል?»

«በክረምት ወር ይፈጃል። ወንዙ ሲሞላ መኪና አያልፍም።»

«ሁለት ቴምብር ስጠኝ።»

ቆርጦ ሰጣት። አንዱን መሐረቧ ውስጥ አጠፈችው። ሌላውን በመስኮቱ ሥር መልሳ ገፋችለት።

«ይሄ ለመልስህ ነው።»

ቴምብሩ እንጨቱ ላይ ቆየ። ሰውዬው እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ። በመጨረሻ ፀሐዬ አንሥቶ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«አድራሻዬን ገና አላውቀውም» አለ። «ዝም ብለሽ ጎሬ ፖስታ ቤት ብለሽ ጻፊ። እዚያ ሌላ ፀሐዬ አይኖርም።»