ቧንቧውን ያስገባው ዝምታ

ሴቭኔ መንጋውን ስታይ ደሟ ፈላ። ሊወልዱ የደረሱት አጋዘኖች የጋዝ ቧንቧው ጥግ ተኮልኩለው ቆመዋል። ቧንቧው ለመዝለል ከፍ ይላል፤ በሥሩ ለመሹለክ ደግሞ ዝቅ ይላል። ዘወትር የሚወልዱበት ደረቅ ጉብታ ያለው ከወዲያ ማዶ ነው። ከወዲህ ያለው፣ ከባድ መኪና ያቦካው ጭቃና ውሃ ያዘለ በረዶ ብቻ ነው። ባሏ ማለፊያ ፍለጋ ቧንቧውን ተከትሎ እንደሄደ ገና አልተመለሰም።

ይህ ቧንቧ ከሰማይ አልወረደም። ካቻምና አንድ የጋዝ ኩባንያ ሰው በሄሊኮፕተር መጥቶ በአማቷ በሽማግሌው ያድኮ ድንኳን ተስተናገደ። ዓሣ እየበላ፣ "በዚህ በኩል ቧንቧ ብናሳልፍ ቅሬታ አላችሁ?" ሲል ጠየቀ። ሽማግሌው ዝም ብለው የዓሣውን ጮማ ቆርጠው አቀረቡለት። በሰሜን ዋልታ አጠገብ ባለው በያማል ምድር እረኞች ዘንድ ማዕድ ላይ የተቀመጠን እንግዳ እምቢ ማለት ነውር ነው። ጋባዡ ዝም ካለ እንግዳው ራሱ ገብቶት ነገሩን ይተወዋል። ያ ሰው ግን አፉን ጠርጎ ሄደና "ተስማምተዋል" ብሎ አስጻፈ።

"አባባ፣ ያኔ ለምን አልተናገሩም?" አለች ሴቭኔ።

"ምን ብዬ? ዓሣዬን እያኘከ! ዝም ማለቴ እምቢ ማለቴ እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።"

"እነሱ ምን ገዷቸው! ለእነሱ ዝም ያለ ሁሉ እሺ ያለ ነው።"

"ተይ እንጂ አንቺ ልጅ። ዝም አይነቅዝም።"

"ነቀዘ እንጂ! ይኸው ይዩት!"

አንዲቷ አጋዘን ጭቃው ውስጥ ወልዳ ነበር። ሽማግሌው ተንበርክከው ግልገሉን በካፖርታቸው እጅጌ አሹት፤ አፉ ውስጥ እፍ አሉበት። እናቲቱ አጠገባቸው ቆማ ትልሰዋለች። ግልገሉ አልተነሣም። መሽቶ ባሏ ማለፊያ አጥቶ እስኪመለስ ድረስ ሌሎችም ሞቱ፤ ሽማግሌውም በየተራ ሁሉንም አሹ። የሩቅ ከተማ ሰው ቤቱን የሚያሞቀው በዚህ ጋዝ ነው፤ ብርዱን ግን ለግልገሎቹ ትቶላቸዋል። ይህን አይቶ የማይናደድ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

በረዶው ከቀለጠ በኋላ ያው ሰውዬ ተመልሶ መጣ። በመጀመሪያው ጎን ሁለተኛ ቧንቧ ሊዘረጉ ነው። ሴቭኔ እንደ ደንቡ ዓሣ አቀረበችለት። በልቶ ሲያበቃ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ።

"ብላ ልጄ፣ ጥገብ፤ ነገር ግን አይሆንም" አሉ ሽማግሌው።

ሰውዬው ሣቀ። "አባባ፣ አገር ነው እኮ የሚጠቀመው!"

"እኔስ የማን አገር ሰው ነኝ? አይሆንም ብዬሃለሁ! አሁን በጆሮህ ሰምተሃል። ሄደህ 'ተስማማ' ብትል ግን ውሸታም ነህ፤ መጥቼ በአለቆችህ ፊት እነግርሃለሁ!"

ሴቭኔ አማቷ እንግዳ ላይ ሲጮኹ ሰምታ አታውቅም። ሰውዬው ቆቡን አንሥቶ ወጣ።

ወገኖቼ፣ ይሉኝታ የሚያምረው ይሉኝታ ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው። መሬትህን ሊወስድ ለመጣ ሰው ዝም ማለት ጨዋነት አይደለም፤ መሬቱን ቆርሶ መስጠት ነው።

በማግስቱ ሽማግሌው አጋዘኖቻቸውን በተንሸራታች ጋሪያቸው ላይ ጠመዱ።

"ወዴት ነው አባባ?" አለች ሴቭኔ።

"ጎረቤቶቻችን ዘንድ። ያ ሰውዬ ከእኔ ድንኳን ወጥቶ ወደ እነሱ መሄዱ አይቀርም። ቀድሜው ልድረስ።"