ተቀበዪ!

«ተቀበዪ!»

ድምፁ የመጣው ከመጨረሻው ረድፍ ነው። ዮዳሄ ክው አለች። «ማሲንቆ ብቻ ነው የምመታው፣ አልዘፍንም» ብላ ለመድረክ መሪዋ ለቤተልሔም በእንግሊዝኛ ሦስቴ ነግራታለች። ቤተልሔምም «ኖ ፕሮብለም፣ የኔ ቆንጆ!» ብላታለች። እንግዲህ ይኸው!

ለነገሩ በዚህ የሳን ሆዜ የሐበሻ ድግስ አዳራሽ ማንም አያዳምጣትም። ሰው ይበላል፣ ያወራል፣ ፎቶ ይነሳል። አባቷ ከሄይዋርድ አምጥቶ በር ላይ ጣላትና ወደ ታክሲ ሥራው ከነፈ። ከእኩዮቿ አንዷም «ሃይ» አላለቻትም።

ድሮ እንዲህ ብቻዋን አልነበረችም። ማሲንቆ ያስተማሯት ጋሽ ደምመላሽ አብረዋት ይቆሙ ነበር። እሷ ስትመታ እሳቸው ይዘፍናሉ፤ ከሰው መሀል አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጣቸው በዜማ ይመልሱለታል። የተሰጠ ግጥም አለመቀበል ነውር ነው ይሏት ነበር። በኋላ የቤት ኪራዩ አንገሸገሻቸውና ጓዛቸውን ጠቅልለው ዳላስ ገቡ። «ኮል አደርግልሻለሁ» እንዳሉ ቀሩ።

እሷ ደግሞ አማርኛ ትሰማለች እንጂ መናገሩ አይሆንላትም። ባለፈው ዓመት ቸርች ስታነብ ሲና የምትባል ልጅ ቀርፃ «ፈረንጇ» ብላ ለጠፈችባት። ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት አማርኛ ተናግራ አታውቅም።

«ተቀበዪ እንጂ፣ ልጄ!»

ከፍሩትቬል ብቻቸውን በባቡር የሚመጡት እማማ አመለወርቅ ናቸው። ተነስተው ቆመው ግጥሙን ሰጧት።

«ስልኬ ጮኸ ብዬ፣ ሮጬ ባነሳው፣
ማስታወቂያ ሆነ፣ የት ሄደ የኔ ሰው!»

አዳራሹ አውካካ። «ኧረ እማማ፣ ሊገድሉን ነው!» አለ አንዱ። እማማ ግን አልሳቁም። ዮዳሄንም አንጀቷን በሉት። እሷስ ስንቴ ጋሽ ደምመላሽ መስለዋት ወደ ስልኳ ሮጣለች!

ሲና ከፊት ረድፍ ስልኳን ቀና አድርጋ መቅረፅ ጀመረች። ዮዳሄ ዜማውን ቶሎ ጨርሳ ብትወርድ ማንም ምንም አይላትም። እማማ ግን እንደቆሙ ናቸው።

አፏን ከፈተች። «ስልኬ ጮኸ ብዬ...» ሁለተኛው መስመር ላይ ምላሷ ተሳሰረ፤ ቃሉ ተሰባበረባት። እነ ሲና ክትክት ብለው ሳቁ። ዮዳሄ እስከ ጆሮዋ ጋለች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ደጋኑን መልሳ ሳበችና ከመጀመሪያው ጀመረች። አሁን ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ እስከ «የኔ ሰው» ወሰደችው።

እማማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ሊቀመጡ ወንበራቸውን ያዙ። ሲና አሁንም እየቀረፀች ነው።

ዮዳሄ ወደ ማይኩ ተጠጋች።

«እማማ፣ አይቀመጡ» አለች። «ሌላ ይስጡኝ።»