ድስቱን የከደነ እጅ

ሟቿ ምድጃው ሥር ነበር የወደቀችው፤ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ የእንጨት ማንኪያዋን እንደጨበጠች። ፊቷ አባብጦ ከንፈሯ ጠቁሯል። ለታናሽ እህቷ የምርቃት ግብዣ ሦስት ዓይነት የቺዝ ማጥቀሻ ልትሠራ ገብታ ሁለቱን ጨርሳ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርት የገባበትና ቅጠል የተከተፈበት በየሳህናቸው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። በትኩሱ የሚቀርበውን ሦስተኛውን ግን አላወጣችውም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ክዳን ገላጭ» ይሏታል፤ የገባችበትን ቤት ድስት ሳትከፍት ስለማትወጣ። ዛሬም ሐኪሙ «ለውዝ ነው፤ ሰውነቷ ለውዝ አይቀበልም ነበር» ብሎ ሳይጨርስ ምድጃው ጋ ደርሳለች። እሳቱ ጠፍቷል፣ ድስቱ ተከድኗል። ክዳኑን አነሳች። ቢጫው ቺዝ በአንድ በኩል ተጓጉሎ ዘይቱ ለብቻው ተንሳፍፏል። መልሳ ከደነችው፤ ለማንም አልተናገረችም።

«ማን አገኛት?»

«እኔና እማማ» አለች ታናሽ እህት፣ ጎረቤታቸውን አሮጊት እያሳየች። «ዳቦ ልናመጣ ወጥተን ስንመለስ ወድቃለች። ስንጮህ ጋሼም፣ ባሏ፣ ከጓሮ ሮጦ መጣ።»

«ድስቱን የነካ አለ?»

«ማን ድስት ትዝ ይለዋል፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «እስክትመጪ ድረስ እዚሁ ቆሜ እያለቀስኩ ነበር።»

«የገደልኳት እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ ድንገት። «ማጥቀሻውን የምታወፍርበትን ስታርች ትናንት የገዛሁት፣ እዚያ መደርደሪያው ላይ ያለው ጣሳ ውስጥ የገለበጥኩትም እኔ ነኝ። ሱቁ ለውዝም ይፈጫል፤ ልብ አላልኩም። እኔና እሷ ነገ ከዚህ ወጥተን ለብቻችን ልንኖር ቤት ተከራይተን ነበር። ትናንት ነው ለጋሼ የነገረችው።»

መርማሪዋ ጣሳውን ከፍታ አሸተተች። «ይሄ እኮ ለውዝ ለውዝ ይሸታል።»

«ሳምንቱን ሙሉ ጉንፋን አፍንጫዋን ደፍኖት ነበር። ለውዝ ሲነካት የምትወጋው መርፌዋ ደግሞ ከሽርጧ ኪስ አይለይም። ዛሬ ግን የለም።»

ባልየው ጓሮ፣ ለእንግዶች በደረደራቸው ወንበሮች መሃል ተቀምጧል። ሸሚዙ ገና ከካውያ የወጣ ይመስላል።

«ወጥ ቤት ገብተው ነበር?»

«ኧረ እኔ! ከጠዋት ጀምሮ ደጁንም አልረገጥኩም። ስትሠራ ሰው አታስጠጋም።» አንገቱን ነቀነቀ። «እልኸኛ ነበረች። ዘይቱ ከተለየባት ደፍታው እንደ አዲስ አትጀምርም? ምን እንደጎደለው ካላወቅሁ ብላ ደጋግማ ስትቀምስ…»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘጋች። ይህን ሰው ጠላችው፤ መጥላት ሥራዋ እንዳልሆነም ታውቃለች።

ሦስቱንም ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። በሱቁ ከረጢት ውስጥ ተርፎ የተገኘውን ስታርች በአንድ ብረት ድስት፣ የጣሳውን ዱቄት በሌላው፣ በውሃ አፈላች። የከረጢቱ ወፍሮ ማንኪያ ያዘ። የጣሳው እንደቀጠነ ቀረ፤ ላዩ ላይ ዘይት ወጣ።

«ስታርች ቺዙንና ዘይቱን አያይዞ ይይዛል» አለች ወደ ልጅቷ ዞራ። «ለውዝ ቢነካካው እንኳ ሥራውን ይሠራ ነበር። ጣሳው ውስጥ ግን ያንቺ ስታርች የለም፤ የተፈጨ ለውዝ ብቻ ነው። አንቺ ከገለበጥሽ በኋላ ሌላ ሰው ለውጦታል። እህትሽን አልገደልሻትም።»

ልጅቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ቀጥሎ ክዳኑ። ትንፋሽ ያጠራት ሴት እሳት አጥፍታ፣ ድስት ከድና አትወድቅም። አጠገቧ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንን ክዳን ያነሳሁት እኔ ብቻ ነኝ።» አሁን ባልየውን አየችው። «ደጁን ካልረገጡ ዘይቱ መለየቱን ማን ነገረዎት?»

«ገምቼ ነው…» ብሎ ጀመረና ተወው። አሮጊቷ ወደ ኋላ ሸሹ። ባልየው እጁን ሱሪው ኪስ ከተተ፤ መርፌውን አውጥቶ ከሁለቱ ሳህኖች አጠገብ አስቀመጠው።

«ለመነችህ?» አለች ልጅቷ። ጋሼ ማለቱ ቀርቷል።

«መናገር አልቻለችም። በጣቷ ጠቆመች።»

«ወደ ምን?»

«ወደ ኪሴ።»

«አንተስ ምን አደረግህ?»

«እሳቱን አጠፋሁ» አለ ባልየው። «ድስቱ ሊያር ነበር።»